45 ዶላር ምን ይገዛል? የአሜሪካ የቅጂ መብት ምዝገባ ለሰዓልያን ሲመዘን

ሰዓልያን በኢንተርኔት በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወሬ ይነሳል፦ «ሥዕላችሁን ዛሬውኑ ካላስመዘገባችሁ ነገ የማንም ነው»። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሬውን ያስነሳው፣ ባለቤታቸው ሊገኝ ስላልቻለ ሥራዎች የተዘጋጀ የአሜሪካ ሕግ ረቂቅ ነበር። ረቂቁ ሴኔቱን ቢያልፍም በተወካዮች ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። በ2015 ያው ወሬ ሲመለስ ግን ረቂቅ የሚባል ነገርም አልነበረም፤ የነበረው ምዝገባውን የሚያካሂደው የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ጥናትና የሕዝብ አስተያየት መጠየቂያ ብቻ ነው። ወሬውን ትተን አገልግሎቱን ራሱን ብንመዝነውስ?

ባለቤትነት እዚህ አይሸጥም። ሥዕሉ ወረቀት ላይ ወይም ፋይል ውስጥ በሰፈረበት ቅጽበት መብቱ የሰዓሊው ሆኗል። ክብ ውስጥ የምትጻፈው የ«ሲ» ምልክት እንኳ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1 ቀን 1989 ወዲህ ግዴታ አይደለችም። ሥዕልን በፖስታ አሽጎ ለራስ መላክ የሚባለው ዘዴም ውሃ አያነሳም፤ ቢሮው ራሱ በሕጉ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ይናገራል።

ታዲያ ገንዘቡ የሚገዛው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ለአሜሪካ ሥራዎች የፍርድ ቤት በር ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 እንደወሰነው ክስ ለመክፈት ማመልከቻ ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ ቢሮው መመዝገብ አለበት፣ ወይም አልመዘግብም ማለት አለበት። ሁለተኛውና ትልቁ ጥቅም ካሳው ነው። ሥዕሉ ከመሰረቁ በፊት፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከታተመ በ3 ወር ውስጥ ከተመዘገበ፣ ባለመብቱ የደረሰበትን ጉዳት በገንዘብ ሳያስረዳ በአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊፈረድለት ይችላል። ሆን ተብሎ ለተሠራ ጥፋት ጣሪያው 150,000 ነው፤ የጠበቃ ወጪም ሊታከልበት ይችላል። ያለዚያ ግን የቀረበትን ገቢና ሌባው ያገኘውን ትርፍ በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል። በ60 ዶላር ለሚሸጥ ሥዕል ይህን ክርክር የሚይዝ ጠበቃ ማግኘት ከባድ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ለታተመ ሥራ ክስ ለመመሥረት ምዝገባ ባያስፈልግም የካሳው ደንብ ያው ነው።

አሁን ወደ ቅጹ። በ2020 በወጣው ተመን ርካሹ ቅጽ 45 ዶላር ነው፤ አንድ ሥራ፣ አንድ ደራሲ፣ ባለቤቱም እሱው፣ በቅጥርም ያልተሠራ። አንዱ ነድፎ ሌላው ቀለም ከቀባው የጋራ ሥራ ነውና ወደ መደበኛው የ65 ዶላር ቅጽ መሄድ ነው። የወረቀቱ ቅጽ 125 ዶላር ያስከፍላል፤ የሚመረጥበት ምክንያት አይታየንም።

ለሰዓሊ ምርጡ 85 ዶላር የሚከፈልበት የቡድን ቅጽ ነው፦ እስከ 10 ያልታተሙ ሥራዎች፣ የአንድ ደራሲ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ርዕስ ያለው። ለአንዱ ሥዕል 8.50 ዶላር ደረሰ ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው፤ «ያልታተመ» የሚለው ቃል። በሕጉ ትርጉም ማተም ቅጂዎችን ለሕዝብ በሽያጭ፣ በኪራይ ወይም በውሰት ማሰራጨት ነው፤ ለእይታ ብቻ ማቅረብ በራሱ ማተም አይባልም። ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ ሥዕል ከሁለቱ የትኛው ነው? ቢሮው መልሱን ለአመልካቹ ይተወዋል፤ የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመትም ይሄ ነው። መውጫው ቀላል ነው፦ አስሩን ሥዕሎች ከመለጠፋችሁና ከመሸጣችሁ በፊት አስገቡ፣ ጥያቄው አይነሳም። ፕሪንቱ የተሸጠ አንድ ሥዕል ከአስሩ ጋር ከተቀላቀለ ቅጹ ለእሱ አይሆንም። ደግነቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 እንዳለው፣ ሕጉንም ሆነ ፍሬ ነገሩን ባለማወቅ የተሠራ ስህተት ምዝገባውን ዋጋ አያሳጣም። (እስከ 750 ምስል በ55 ዶላር የሚያስመዘግበው ቅጽ ያጓጓል፤ ግን የፎቶግራፍ ብቻ ነው።)

ሂደቱ ሦስት ደረጃ አለው፦ ቅጹን መሙላት፣ መክፈል፣ ፋይሉን መጫን። ጄፔግ ወይም ፒዲኤፍ ይበቃል፤ አንድ ፋይል ከ500 ሜጋባይት አይብለጥ። ከፍሎ ሦስተኛውን ደረጃ የሚረሳ ሰው ዋናውን ነገር ያጣል። ምክንያቱም የምዝገባው ቀን የሚቆጠረው ሦስቱም ተሟልተው ቢሮው ከደረሱበት ዕለት ነው። ያ ከተሟላ ምስክር ወረቀቱ ወራት ቢዘገይ ቀኑን አይነካውም። ስለዚህ ለማፋጠኛ የሚጠየቀው 800 ዶላር ክስ ደጃፍ ላይ ላልደረሰበት ሰው ከንቱ ወጪ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም ክፍያው አይመለስም።

ከመላካችሁ በፊት የአድራሻውን ሳጥን ደግማችሁ እዩ። እዚያ የሚሞላው ሁሉ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ይገባል፤ የመኖሪያ ቤት ሳይሆን የፖስታ ሳጥን ቁጥር ስጡ። በብዕር ስም ማስመዝገብም ይቻላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ጉልህ ክፍል ካለ ደግሞ ለይቶ መግለጽና ከጥያቄው ማውጣት ግድ ነው።

ሌላው የዘወትር ድንጋጤ፣ «ድረ ገጹ ውሉን ቀየረ፣ ሥዕላችን ተወሰደ» የሚለው፣ ከምዝገባ ጋር አይገናኝም። በአሜሪካ ሕግ ባለቤትነት የሚተላለፈው ባለመብቱ በፈረመው ጽሑፍ ነው። በውሉ ውስጥ «ብቸኛ ያልሆነ ፈቃድ» የሚል ካያችሁ የተሰጠው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ሥዕሉ አይደለም። የፈቃዱን ስፋት ግን አንብቡ፤ ሊያሳስብ የሚገባው እሱ ነው።

ለትንንሽ ክርክሮች ከሰኔ 2022 ጀምሮ በቢሮው ሥር የሚሠራ የይገባኛል ጥያቄ ቦርድ አለ። ክፍያው በሁለት ዙር ነው፦ መጀመሪያ 40 ዶላር፣ በኋላም 60፤ የሚፈረደው ካሳ ጣሪያ 30,000 ዶላር ነው። ተከሳሹ በ60 ቀን ውስጥ አልገባበትም ካለ ግን ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቢሮውን መልክ አስመስለው፣ ይህንኑ ቅጽ በእናንተ ስም ሞልተው ከቢሮው ተመን በላይ የሚያስከፍሉ የግል ድረ ገጾች አሉ። እውነተኛው አድራሻ ኮፒራይት ዶት ጎቭ ነው፤ በዶት ጎቭ የማያልቅ ገጽ የካርድ ቁጥር ሲጠይቃችሁ ዝጉት።