ሽቅብ የሚሮጠውን ሞገድ ፍለጋ፦ ሴቨርን፣ ዶርዶኝ፣ ቺያንታንግ ወይስ ካምፓር?

ወንዝ ሽቅብ የሚሮጠውን ሞገድ ፍለጋ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። የምትሄዱት ዳር ቆማችሁ ልታዩ ነው ወይስ ሰርፍ ቦርድ (ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ) ይዛችሁ ውሃው ውስጥ ልትገቡ? ብዙ ሰው ይህን ሳይወስን "ትልቁ ሞገድ የት ነው?" ብሎ ይጀምራል። ትልቁ ሞገድ ያለው ደግሞ እንደልብ መግባት በማይቻልበት ወንዝ ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ባሕር በየዕለቱ ይሞላል፣ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መሃል ያለው ልዩነት በጣም ትልቅ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከ6 ሜትር ሲያልፍ፣ የወንዙ አፍም ሰፊ ሆኖ ወደ ውስጥ እየጠበበና ጥልቀቱ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ፣ የሚገባው የባሕር ውሃ መፈናፈኛ ያጣና ፊት ፊቱ ላይ ይቆለላል። ያ ቁልል ሞገድ ሆኖ የወንዙን ፍሰት እየተጋፋ ሽቅብ ይሮጣል። ታይዳል ቦር ይባላል። እኔ ቦር እያልኩ እቀጥላለሁ። የባሕር ዳር ሞገድ በሰከንዶች ያልቃል፣ ቦር ግን ጥሩ ቀን ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ሰርፈሮችን ከዓለም ዳር እስከ ዳር የሚያስጉዘው ይሄ ነው።

ከቦታው በፊት ግን ቀኑ። ይህን ደጋግሜ የምለው ገንዘባችሁ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ቦር የሚያይለው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን፣ በተለይ ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀናት ነው። ከዓመቱ ውስጥ ደግሞ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ አካባቢ፣ ማለትም በመጋቢትና በመስከረም። በተሳሳተ ሳምንት ከደረሳችሁ የትኛውም ዝነኛ ቦታ ተራ ወንዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ፣ ቀጥሎ ሆቴል፣ በረራ መጨረሻ።

በሴቨርን ልጀምር፣ እንግሊዝ። እዚያ ያለው የባሕር ሙላት ልዩነት እስከ 15 ሜትር ይጠጋል፣ ቦሩም በደህና ቀን 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የወንዝ ላይ ሰርፊንግ ታሪክም ብዙው እዚህ ነው። በፈረንጆቹ 1955 ጃክ ቸርችል የተባለ የጦር መኮንን ይህን ሞገድ በቦርድ ወጣበት። በ2006 ደግሞ ስቲቭ ኪንግ ሳይወድቅ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደበት። ለጎብኚ ትልቁ ጥቅሙ መረጃው ነው። የቦሩ ቀንና ሰዓት ከወራት በፊት ይወጣል፣ ጥንካሬውም ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል። ትልልቆቹ የሚመጡበት ሰዓትም ያው ነው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን፣ ማታ ደግሞ ከ1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። የጠዋቱን ያዙ፣ በጨለማ ምንም አይታይም። ለማየት ሚንስተርዎርዝ፣ ስቶንቤንች ወይም ኒውንሃም መሄድ ነው። መኪና ካላችሁ ደግሞ በአንድ ጠዋት አንዱን ቦር ሁለት ቦታ ላይ ማየት ይቻላል፤ አንዱ ጋ ካለፈ በኋላ ቀድማችሁት ወደ ላይኛው መሮጥ ነው።

ለሰርፊንግ ግን ሴቨርንን ለጀማሪ አልመክርም። ውሃው ቡናማና ቀዝቃዛ ነው፣ ግንድና ቅርንጫፍ እየጠረገ ይመጣል። ሞገዱ በየጥምዝምዙ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። 5 ኮከብ በተሰጠው ቀን ውሃው ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ብዛት ደግሞ ሌላ ችግር ነው። አንዱ ወደቀ ማለት አጠገቡ ያለውን ይዞ ወደቀ ማለት ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ያለው ዶርዶኝ ተቃራኒው ነው። ሳን ፓርዶን የምትባል ትንሽ የወንዝ ዳር መንደር አለች፣ ለሊቡርን ከተማ ቅርብ ናት፣ ከቦርዶም ብዙ አትርቅም። ቦሩን እዚያ ማስካሬ ይሉታል። ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ነው፣ ሲበዛ 1.5። ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት! ሞገዱ ለስላሳና ተከታታይ ነው፣ ረጅም ቦርድ የያዘም፣ ካያክ የምትባለውን ጠባብ ጀልባ የሚቀዝፍም አብረው ይሄዱበታል። ወቅቱ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ወንዙ ጎድሎ ስለሚቆይ የባሕሩ ግፊት ጎልቶ ይወጣል። ውሃውም አልቀዘቀዘም። ተመልካቹም ዳር ላይ ቅርብ ሆኖ ያያል። ባሕር ላይ ትንሽ ሰርፍ አድርጎ የሚያውቅ፣ ወንዝ ላይ ግን ሞክሮ የማያውቅ ሰው ከጠየቀኝ መልሴ ይሄ ነው።

ቺያንታንግ ግን ሌላ ዓለም ነው። ቻይና፣ ዠጂያንግ ግዛት፣ ከሃንግዡ ከተማ አጠገብ። በዓለም ትልቁ ቦር ነው፣ እስከ 9 ሜትር እንደሚደርስና በሰዓት እስከ 40 ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ ይነገርለታል። ሃይኒንግ ውስጥ ያለችው ያንጓን ከተማ የታወቀችው ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ እንደተሰመረ መስመር በሚመጣው ሞገድ ነው። ላኦያንትሳንግ ላይ ደግሞ ውሃው ከግድብ ጋር ተጋጭቶ ወደ ሰማይ ይፈነዳና ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለቱን የማየት ዕድል ካገኛችሁ ሁለቱንም እዩ። ዋናው ቀን በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር የ8ኛው ወር 18ኛ ቀን ነው። ችግሩ፣ በዓላቸው ከሦስት ቀን በፊት ስለሆነ አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ሕዝቡን ካልወደዳችሁት በሌላ ወር፣ አዲስ ጨረቃ ወይም ሙሉ ጨረቃ በሆነች ሰሞን ሂዱ። መጠኑ ቢያንስም በእርጋታ ታያላችሁ።

ሰርፍ ማድረግ? እርሱት። በልዩ ፈቃድ የተዘጋጁ ውድድሮች ላይ ባለሙያዎች ገብተዋል እንጂ ለጎብኚ አይደለም። ለተመልካችም ቢሆን ቀልድ የለበትም። አጥር አልፈው ዳር የቆሙ ሰዎች ተጠርገው ሞተዋል። ለመመልከቻ ከተከለለው ቦታ አትውጡ፣ ልጅ ከያዛችሁ ደግሞ ከፊተኛው መስመር ራቁ።

አሁን ሰርፈሮቹ ጆሯችሁን ስጡኝ። ካምፓር ወንዝ፣ ሱማትራ፣ ኢንዶኔዥያ። ሪያው ግዛት ውስጥ ተሉክ መራንቲ ከምትባል መንደር ይነሳሉ። ቦሩን ቦኖ ይሉታል፣ አንዱ ካለፈ ሌላው እየተከተለ ስለሚመጣ የአካባቢው ሰው ሰባት መናፍስት ይለዋል። ውሃው ሞቃት ነው፣ ሞገዱም እንደ ባሕር ሞገድ ይጠቀለላል። አውስትራሊያዊው ጄምስ ኮተን በ2016 በአንድ ጉዞ 17.2 ኪሎ ሜትር የሄደው እዚህ ነው። ግን ብቻችሁን የምትሄዱበት ቦታ አይደለም። ከፔካንባሩ ለሰዓታት በመኪና ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ጀልባና ወንዙን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ወንዙ ውስጥ አዞ አለ። ወድቃችሁ ሞገዱ ካለፋችሁ የሚያነሳችሁ ጀልባ ከሌለ፣ ቀኑ አበቃ ብቻ ሳይሆን አደጋ ውስጥ ናችሁ። ስለዚህ አስጎብኚ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ስንት ጀልባ ለስንት ሰው እንደሚያሰማራ ጠይቁ።

አላስካ ውስጥ ያለው ተርናገይን የተባለ የባሕር ወሽመጥ ለመንገደኛ ጥሩ ነው። ከአንኮሬጅ በሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ በርድ ፖይንት ጋ ቆሞ ማየት ይቻላል፣ ከተሳካም ነጭ ዓሣ ነባሪዎች ብቅ ይላሉ። ጭቃው ላይ ግን በፍጹም አትርገጡ። እግር ይይዛል፣ ውሃው ደግሞ አይጠብቅም።

ብራዚልን ብዙዎች የሚያስቡት በድሮ ዝናው ነው። ፖሮሮካ የሚሉት የአራጓሪ ወንዝ ቦር ዝነኛ ነበር፣ አሁን ጠፍቷል። የጎሽ እርባታ የከፈታቸው ቦዮችና ግድቦች ወንዙን ቀየሩት። የፈረንሳዩ ሴን ወንዝም ለመርከብ ሲባል ተቆፍሮ ቦሩን በ1960ዎቹ አጣ። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ለሺህ ዓመታት የመጣ ሞገድ በአንድ ትውልድ ሲቀር። በካናዳ ሞንክተን ግን ተቃራኒው ሆነ። በ1968 ፔቲኮዲያክ ወንዝ ላይ የተሠራው መዝጊያ ቦሩን አዳክሞት ነበር፣ በ2010 በሮቹ ሲከፈቱ ተመለሰ። በ2013 ሁለት ሰርፈሮች እዚያው 29 ኪሎ ሜትር ሄዱበት። ስለዚህ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ ቦታ አትምረጡ። የዘንድሮውን ሁኔታ ጠይቁ።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ፦ ለማየት ብቻ ከሆነ ቺያንታንግ፣ ምንም አይስተካከለውም። ከቤተሰብ ጋር፣ አንዱ ሰርፍ እያደረገ ሌላው እያየ ከሆነ ሳን ፓርዶን። በቂ ልምድ ካላችሁና ገንዘብ ካጠራቀማችሁ ካምፓር። በአጭር ጉዞ፣ በተረጋገጠ ሰዓት ማየት ለሚፈልግ ሴቨርን።

የትም ብትሄዱ ከተባለው ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ቦታችሁን ያዙ። ነፋስና የወንዙ መጠን ቦሩን 20 ደቂቃ ሊያስቀድሙት ወይም ሊያዘገዩት ይችላሉ። ካለፈም በኋላ ወዲያው ወደ ውሃው አትውረዱ፣ መኪናም ዝቅ ያለ መንገድ ላይ አታቁሙ። ሞገዱ አለፈ እንጂ ወንዙ ገና እየሞላ ነው።