የመክሰር ጠበቃ ፍለጋ ወጥቼ የባለቤቴን ሐብል አስረክቤ ተመለስኩ

ይህን የምጽፈው ትናንት ከቀትር በኋላ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ እህል በአፌ ሳይዞር ነውና ቃሌ ከረር ቢል ይቅርታ አድርጉልኝ። የእነዚህን ጠበቃ ነን ባዮች ዓይነት ታውቃላችሁ፤ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጎን አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ «የሕግ ምክርና ጥብቅና» የሚል ታፔላ ሰቅለው፣ ዕዳ ያስጨነቀውን ሰው ገና ደጃፉን ሳያልፍ ከፊቱ የሚያነቡት ናቸው።

ጎንደር አራዳ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ቆርቆሮና ሚስማር የሚገዛኝ የገጠር ደንበኛ ቀረ፤ የባንኩ ወለድ ግን መንገድ አልተዘጋበትም። በመጨረሻም በመያዣ ስለያዘው የአዘዞ ቤቴ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቀኑ ሲያልፍ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ የተቸገረ ነጋዴ ዕዳውን በፍርድ ቤት በኩል መልሶ የሚያደራጅበት ሥርዓት እንዳለው ሰምቼ ስለነበር፣ ይህን የሚያውቅ ጠበቃ ፍለጋ ወጣሁ። የመሬት፣ የውርስና የፍቺ ጠበቃ ሞልቷል፤ የመክሰር ጉዳይ ይዤ አውቃለሁ የሚል ግን ሦስት ሰው ጠይቄ አላገኘሁም። አራተኛው «እጄ ላይ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ሐራጁን የሚያስቆም የፍርድ ቤት እግድ በሳምንት ውስጥ አወጣልሃለሁ» አለኝና 45,000 ብር ጠየቀኝ። 30,000ውን የባለቤቴን የአንገት ሐብል ሸጬ፣ 15,000ውን ከእኅቴ እቁብ ተበድሬ በጥሬው ቆጠርኩለት። የመዝገብ ቁጥር ነው ብሎ በቁራሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ እኔም እንደ ክታብ በደረት ኪሴ ይዤው ከረምኩ።

ትናንት 26ኛው ቀን ነበር። ወረቀቱን በመስኮቱ አሳልፌ ስሰጥ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቁጥሩን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ቀጥሎም እኔን አየኝ። «ስምዎን ይድገሙልኝ» አለ፤ ደገምኩለት። «ይህ የወራሽነት ማረጋገጫ መዝገብ ነው፤ አመልካቿም ሴት ናት» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የጠበቃዬን ስም ስነግረው ከጎኑ ያለውን ባልደረባውን ዞሮ ጠየቀው፤ ያኛውም ከፋይሉ ቀና ሳይል «እሱ ጠበቃ አይደለም፤ ጽሑፍ ነው የሚጽፈው» አለ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። አንዲት እናት የሞተብኝ ሰው ያለ መስሏቸው «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉኝ፤ እኔም አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ሰውዬው የለም፤ ጸሐፊዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ጋሼ፣ የፈረሙት የምክር ውል ነው፤ ምክሩን ደግሞ ወስደዋል» አለችኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ሳነበው እውነትም «ለምክር አገልግሎት፣ የማይመለስ» ይላል፤ ፊርማዬም ከሥሩ አለ። እንድትደውልለት ስለምናት «ገንዘብ የቸገረው ሰው ድሮስ ጠበቃ ቤት ምን አመጣው?» አለች። ከራሷ በላይ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለውን የጥብቅና ፈቃድ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት። የሌላ ሰው ስም ነው፤ ዘመኑም ያለፈ ነው። ሚስማር በግራም የምመዝን፣ የ200 ብር ኖት ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ካላየሁ የማልቀበል ሰው፣ ከዚያ መስታወት ፊት ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ያየሁት ማኅተሙን ብቻ ነበር።

ፈቃዱ የራሱና የታደሰ መሆኑን ከፍትሕ ተቋሙ ሳታጣሩ ብር አትቁጠሩ፤ «ምክር» የሚል ውል ላይ አትፈርሙ። አቅም የሌለው ሰው ከዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ፤ የዳኝነት ክፍያ ያቃተውም ሳይከፍል እንዲስተናገድ በድሃ ደንብ ማመልከት ይችላል። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ትናንት ማታ ነው።

ዛሬ ጠዋት በዚያ በኩል ሳልፍ አንድ ጎልማሳና ሚስቱ የባንክ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው ከበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልነግራቸው ቆም አልኩ፤ ጸሐፊዋ ብቅ ስትል ግን አፍሬ መንገዴን ቀጠልኩ።