ለጠራ የሲቲ ምስል፦ ጨረር መጨመር ወይስ በሶፍትዌር ማጥራት?

ጅማ ውስጥ ሲቲ ስካን፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በኤክስሬይ ጨረር የሚያሳይ ምስል፣ ከምታነሳ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ይህን አነሳን። ምስሉ ጥራት ሲያንሰው የቱ ይሻላል?

ጨረር መጨመር ቀጥተኛው መንገድ ነው። ምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የሚበተነው ነጠብጣብ፣ ባለሙያዎቹ ኖይዝ የሚሉት፣ የሚበዛው በሰውነት አልፎ መሣሪያው ጋ የሚደርሰው ጨረር ሲያንስ ነው። ሂሳቡ ግን ይከብዳል። ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ዕዳው ደግሞ የታካሚው ነው። በተለይ ልጆች ገና እያደጉ ስለሆነ ጨረር ይበልጥ ይጎዳቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ ኢተሬቲቭ ሪኮንስትራክሽን ይባላል። ኮምፒውተሩ ምስሉን አንዴ ሠርቶ አይተወውም። ከተለካው መረጃ ጋር እያስተያየ ደጋግሞ ያርመዋል። እናቶቻችን ቡና ሲለቅሙ ሰፌዱን አንዴ አይተው እንደማይበቃቸው ማለት ነው። ጨረር ሳይጨመር ነጠብጣቡ ይቀንሳል። ግን ሲበዛ ምስሉ ሰም የተቀባ ይመስላል። ጉበት ላይ ያለች ትንሽ ዕጢም አብራ ልትደበዝዝ ትችላለች።

እኔ ሶፍትዌሩ በመካከለኛ ደረጃ ይቅደም እላለሁ። ጨረሩ የሚጨመረው ታካሚው ግዙፍ ሲሆን ወይም የሚፈለገው ነገር በጣም ደብዛዛ ሲሆን ነው።

ታካሚው ከተንቀሳቀሰ ግን ሁለቱም ብዙ አይረዱም። ስለዚህ «ትንፋሽዎን ይያዙ» የሚለውን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቀድሞ ማለማመድ ያስፈልጋል። ወዳጄ ሁሌ የምትጀምረው ከዚያ ነው።