ከደብረ ብርሃን እስከ ቦኔር፦ ከመጥለቅ በፊት የሚጠይቅ ሱቅ

አንድ የዳይቪንግ ሱቅ ለደንበኛው ምን ያህል እንደሚያስብ የምለካው ውሃ ውስጥ ከመግባቴ በፊት በሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው የቦኔር ደሴት ዋና ከተማ፣ በክራሌንዳይክ፣ ባሕሩ ዳር ያለው ይህ አነስተኛ ሱቅ በላከልኝ ቅጽ ላይ ስለ ጤናዬ፣ ስለ መጥለቂያ ወረቀቴና ለመጨረሻ ጊዜ ስለጠለቅሁበት ቦታ ከጠየቀ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ፦ ከዚህ ስትመለሺ የምታርፊበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው? የምኖረውም የማስተምረውም ደብረ ብርሃን ነው። 2,840 ሜትር ገደማ ብዬ ሞላሁ። በማግስቱ መልሱ መጣ፤ የቆይታችንን መርሐ ግብር ከመመለሻችን ቀን ተነስተው ወደ ኋላ እየቆጠሩ አውጥተውታል።

የሱቁን ስም ለሚጠይቀኝ በግል እነግራለሁ። እዚህ የምጽፈው ስለ አሠራሩ ነው፤ ሌላ ሱቅ የሚመርጥ ሰውም በዚሁ ሚዛን ሊመዝነው ይችላል።

የፊዚክስ መምህርት ነኝና ከፍታው ለምን እንደሚያስጨንቅ ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። ላይ አንድ የነበረው 20 ሜትር ላይ ሦስት፣ 30 ሜትር ላይ አራት ይሆናል። ጠላቂው ከታንኩ የሚስበው አየር በዚያው ግፊት ስለሚመጣ፣ አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከወትሮው በላይ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ የወጣ ሰው በሳንባው በኩል ያስወጣዋል። ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ብርቱ ሕመም ነው፤ ኅብለ ሰረሰርን ሲነካ ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

ከባሕሩ ከወጡ በኋላም ትርፉ ናይትሮጅን ለብዙ ሰዓታት ከሰውነት አይወጣም። ጠልቀህ ቶሎ አውሮፕላን አትሳፈር የሚባለው ለዚህ ነው። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሚመክረው ዕረፍት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው። ሲወጣ ናይትሮጅኑን ለማስወጣት መንገድ ላይ የግድ መቆም የነበረበት ሰው ደግሞ ከ18 ሰዓት በእጅጉ የበለጠ መቆየት አለበት። ታዲያ ይህ ምክር የሚሠራው እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ላለ ከፍታ ነው፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከዚያ በላይ እንዲሳሳ አይደረግምና። የእኛ ከተማ ከዚያ ያልፋል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 71 በመቶ ያህል ነው። ቤታችን ጋቢ ተከናንበን ቡና ስንጠጣ፣ በላያችን በሚያልፈው አውሮፕላን ውስጥ ካለው ተሳፋሪ ይልቅ የሳሳ አየር የምንተነፍስ እኛ ነን።

ስለዚህ ለሰሜን ሸዋ ሰው ጉዳዩ በበረራው አያበቃም። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በሰንዳፋና በሸኖ አድርጎ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ገና ይወጣል። መንዝ መሐል ሜዳ የሚሄድ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት ብሎ የሚዝናና ካለም ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ከመውረዱ በፊት ጣርማ በርን ማለፍ እንዳለበት ያስብ፤ እሱም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሱቁ ይህን ሁሉ ስም አያውቅም፤ ቁጥሩን ግን ጠየቀ፣ የመንገዱንም ከፍተኛ ነጥብ ጠየቀ። ጠለቅ ያሉትን ዳይቮች መጀመሪያ ላይ፣ ቀለል ያሉትን ኋላ ላይ አደረገ፤ ከበረራው በፊት ያለውን ቀን ሙሉ በሙሉ ደረቅ አድርጎ ተወው። ከደሴቲቱ ተነስተን አምስተርዳም፣ ሮተርዳም ወንድሜ ቤት አድረን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ብርሃን፤ እያንዳንዱ እርከን ከፊቱ ካለው ዕረፍት ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተሰጠን።

አብሮኝ የጠለቀው ይኸው ሮተርዳም የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። በደረቁ ቀን ጠዋት ባሕሩ እንደ መስታወት ረግቶ ሲያይ ልቡ ተነሳ። «እቱ፣ በረራው ነገ ማታ አይደል? አንዴ ብንገባስ?» አለኝ። «አይሆንም ጋሼ» አልኩት። እሱ ግን ሄዶ ታንክ ጠየቀ። አስጎብኛችን ወረቀቱን አወጣች፣ የበረራውን ሰዓት በጣቷ አሳየችው፣ ታንኩንም አልሰጠችውም። ገንዘብ ይዞ ለመጣ ደንበኛ እንቢ የሚል ሱቅ ማየት አስደስቶኛል።

አሁን ወደ ውሃው ልግባ። ቦኔር በኔዘርላንድስ አስተዳደር ሥር ያለች ደሴት ስትሆን፣ ዙሪያዋን ያለው ባሕር እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የተጠበቀ የባሕር ፓርክ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ በምዕራብ በኩል ያለው ዳርቻ ጸጥ ያለ ነው፤ ኮራሉም ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ይጀምራል። ጀልባ ሳያስፈልግ ፒክአፕ ተከራይቶ፣ በመንገዱ ዳር ስማቸው የተጻፈባቸውን ቢጫ ድንጋዮች እያዩ፣ ከመኪናው ወርዶ በእግር መግባት ነው። መልሕቅ መጣል ክልክል ነው፤ ኮራል መንካት ክልክል ነው፤ ጓንት ማድረግም አይፈቀድም። ማንም አዲስ ገቢ ገለጻ ሳይሰማና የሙከራ ዳይቭ ሳያደርግ በነጻነት አይሰማራም።

ይህን የሙከራ ዳይቭ ብዙ ቦታ ለይስሙላ ያደርጉታል ሲባል እሰማለሁ። እዚህ ለመጥለቅ ወገቤ ላይ የታጠቅሁትን ክብደት እየቀነሱ እየጨመሩ፣ በእስትንፋሴ ብቻ ከፍ ዝቅ ማለት እስክችል ድረስ አልለቀቁኝም። ዋና የተማርኩት አዲስ አበባ በሆቴል ገንዳ፣ መጥለቅ ደግሞ ጅቡቲ ነው። እንደ እኔ ከደጋ ለመጣ ጠላቂ ይህ ትዕግሥት ዋጋው ትልቅ ነው፤ ሚዛኑን ያልጠበቀ እግር መቶ ዓመት የፈጀን ኮራል በአንድ ምት ይሰብራልና።

አየሩን እንዴት እንዳሰላን ልንገራችሁ፤ በጣም የወደድኩት ክፍል ነው። ታንኩ 11 ሊትር ያህል ይይዛል፣ 200 ባር ይሞላል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው፣ አንዱ ከአንድ አትሞስፌር ጋር ይቀራረባል። 50 ባሩ አይነካም፣ መጠባበቂያ ነው። የቀረው 150 ባር በ11 ሲባዛ 1,650 ሊትር አየር ይሆናል። እኔ ላይ ስሆን በደቂቃ 18 ሊትር ያህል እተነፍሳለሁ። 18 ሜትር ላይ ግፊቱ 2.8 ስለሆነ ፍጆታዬ ወደ 50 ሊትር ያድጋል፤ አየሬ ለ33 ደቂቃ ያህል ይበቃኛል ማለት ነው። ፓዲ የተባለው የመጥለቅ ማሠልጠኛ ድርጅት ሠንጠረዥ፣ ብዙ ተማሪ የተማረበት፣ ሲወጡ የግድ መቆም ሳያስፈልግ በ18 ሜትር 56 ደቂቃ መቆየት ይፈቅዳል። ስለዚህ እዚያ ጥልቀት ላይ ቀድሞ የሚያልቀው አየሬ ነው። 30 ሜትር ላይ ስሌቱ ይገለበጣል፦ በደቂቃ 72 ሊትር፣ 23 ደቂቃ የማይሞላ አየር፤ ሠንጠረዡ ግን የሚፈቅደው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። አየር እያለሽ ጊዜሽ ያልቃል። መውረጃና መውጫውም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል፤ ከመውጣት በፊት 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆምም አለ። አስጎብኛችን ይህን ለእያንዳንዳችን በየራሳችን አተነፋፈስ በእርሳስ ሠርታ አሳየችን። ዳይቭ ኮምፒውተር በእጃችን ላይ እያለ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ያለሁበትን ይነግረኛል፤ ወረቀቱ ከመግባቴ በፊት የት መመለስ እንዳለብኝ ነገረኝ።

ይህ ስሌት በሂልማ ሁከር ላይ ጠቀመን። እ.ኤ.አ. በ1984 የሰመጠ፣ 72 ሜትር ገደማ የሚረዝም የጭነት መርከብ ነው፤ ከመስመጡ በፊት በውስጡ የተደበቀ ብዙ ማሪዋና ተገኝቶበት ነበር። 30 ሜትር ላይ በቀኝ ጎኑ አሸዋ ላይ ተኝቷል። የእኔ የመጥለቂያ ፈቃድ ወረቀት እስከ 18 ሜትር ብቻ ስለሚፈቅድ እኔ ከላይኛው ጎኑ አካባቢ እንድቆይ፣ ወንድሜ ከሌላ ጓድ ጋር ወደ ታች እንዲወርድ ተደረገ። እሱ ናይትሮክስ የሚባለውን፣ ከተራ አየር ይልቅ ኦክስጅን የበዛበትን (32 በመቶ) ቅልቅል ነበር የያዘው፤ ታንኩን ራሱ ለክቶ፣ መቶኛውንና 33 ሜትር የሚለውን የመጨረሻ ጥልቀት በፕላስተር ላይ ጽፎ እንዲፈርም አደረጉት። ከላይ ሆኜ የመርከቡን ግዙፍ ፕሮፔለር በሰማያዊው ውስጥ አየሁት፤ በቂዬ ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የጨው መጫኛውን ድልድይ ነው። መርከብ በሌለበት ቀን ብቻ ይፈቀዳል፤ ሱቁም ጠዋት ጠይቆ አረጋገጠልን። ምሰሶዎቹ በብርቱካንማና በሐምራዊ ስፖንጅ ተሸፍነዋል፤ በመካከላቸው የዓሣ መንጋ እንደ አንድ አካል ይታጠፋል፤ አንዲት ኤሊ በአጠገቤ አለፈች። ስወጣ ነጩን የጨው ክምር ቆሜ ብዙ አየሁት። ከአሰል ሐይቅ በግመል የመጣ ጨው አልዩ አምባ ገበያ ላይ ይራገፍበት ከነበረ አገር ነው የመጣሁት። ከክምሩ ትንሽ አለፍ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1850 የተሠሩ የባሪያ ጎጆዎች አሉ፤ ጎንበስ ሳይሉ የማይገባባቸው፣ ጨው ሲያወጡ የሚውሉ ሰዎች ያድሩባቸው የነበሩ። እዚያ የሄደ ሰው ሳያያቸው አይመለስ።

ኮራሉ ታሟል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የድንጋይ ኮራሎችን ሥጋ የሚያረግፍ በሽታ ቦኔር ገብቷል። ሱቁ በሽታው ካለበት ቦታ ስንመለስ ዕቃችንን በመድኃኒት ገንዳ ውስጥ አስነከረን፤ ቀድሞ ንጹሑን ቦታ፣ ኋላ የታመመውን እንድናይ አደረገ። የኮራል ችግኝ በሰው ሠራሽ ዛፍ ላይ አንጠልጥለው የሚያፈሉበትንም ቦታ አሳዩን። ለፓርኩ የሚከፈለው የተፈጥሮ ክፍያ ለእንዲህ ያለው ጥበቃ ይውላልና አይክበዳችሁ።

ቅሬታም አለኝ። የሚያከራዩት ዌትሱት፣ ማለትም ሙቀት የሚጠብቀው የመጥለቂያ ልብስ፣ ስስና ያረጀ ነው። ውሃው 27 ዲግሪ ቢሆንም ውሃ ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመደ ሰውም ከሁለተኛው ዳይቭ በኋላ ይንቀጠቀጣል። የራስን ይዞ መሄድ ይሻላል። በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ የፒክአፑ ኪራይና የፓርኩ ክፍያ የሉበትም፤ ቀድመው ሊጽፉት በተገባ ነበር። መኪናው ውስጥም ምንም ነገር ትታችሁ አትግቡ፣ ስርቆት አለ።

በሌላ በኩል የኦክስጅን ሳጥናቸው ክፍት ቦታ ተቀምጦ፣ ሙላቱ በየጠዋቱ ሲታይ አይቻለሁ። በናይትሮጅን አረፋ የታመመ ጠላቂ የሚታከምበት የግፊት ክፍል ያለው የክራሌንዳይክ ሆስፒታል ስልክ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የጠላቂ ኢንሹራንስ የሌለውን ሰውም አስገዝተው ነው የሚያስገቡት።

ከአምስት አራት ተኩል ኮከብ እሰጣቸዋለሁ፤ ግማሹን የወሰደው ዌትሱቱና የዋጋ ዝርዝሩ ነው። በቀን አራቴ መጥለቅ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ውሃ ውስጥ መሆን ለሚፈልግ ይህ ሱቅ አይመቸውም። ከደጋ ለሚመጣ፣ ወረቀቱን በቅርቡ ላገኘ፣ እናቱ ቤት በደኅና መግባት ለሚፈልግ ግን ሌላ አልመክርም። ቅጹን ስትሞሉ የቤታችሁን ብቻ ሳይሆን የመንገዳችሁንም ከፍተኛ ቦታ ጻፉ፤ አዲስ አበባ ደርሳችሁም በዚያው ቀን ሽቅብ አትጓዙ፣ አንድ ሌሊት እደሩ።