ዓባይ በረሃ ላይ ለደረሰልን መካኒክ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴን ልቅሶ ልንደርስ ከእማዬ ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድን ነበር። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወርደን ድልድዩን ተሻገርን። ዳገቱን እንደያዝን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ወጣ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ማቀዝቀዣው ላይ ትንሽ ችግር ያለበትን መኪና ያ ዳገት አይምርም። ዳር ይዤ ስቆም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል። ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ እማዬ 71 ዓመቷ ነው፤ ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ ውሃ ሰጠንና «ደጀን አንድ ልጅ አለ፣ እሱ ይደርስላችኋል» ብሎ ስልክ አጻፈኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ ባለህበት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደወልኩ። ልጁ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ መኪናዋ አልነበረም። «ከአስፋልቱ ወጥታችኋል? ከኋላ የሚመጣ ያያችኋል?» አለኝ። ኩርባ አጠገብ ነን ስለው «እናታችንን አውርደህ ከመንገዱ ራቅ አድርገህ ጥላ ሥር አስቀምጣቸው» አለ። ከዚያ ሞተሩን እንዳጠፋ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን ፈጽሞ እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ፤ የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ ፊት ይልጣል። ቀጥሎ የመኪናዋን ሞዴልና ዘመን፣ የጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ያወጣ እንደነበር ጠየቀ፤ የዘይት መለኪያውን አስወጥቶኝ ወተት የመሰለ ነገር ይኖርበት እንደሆነ በስልክ አጣራ። ዘይቱ ንጹሕ ነበር።

«እንግዲያው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ሳይሆን አይቀርም። ከነዕቃው 3,500 ብር። ደርሼ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሆኖ ካገኘሁት መንገድ ላይ አልፈታውም፤ ክሬን እጠራልሃለሁ፣ የምትከፍለኝ የነዳጄን ብቻ ነው» አለኝ።

ይህን ስሰማ ነው ልቤ ያረፈው። ከ2 ዓመት በፊት በሌላ መንገድ ላይ የጠራሁት ጎታች መኪናዬን ካንጠለጠለ በኋላ ዋጋውን እጥፍ አድርጎብኛል። ተንጠልጥላ ሳለች ምን ይባላል? ከዚያ ወዲህ ዋጋውን አስቀድሞ የማይነግረኝን ሰው አልጠራም። «መጥቼ አያለሁ» ማለት ለጉዳቱ ልክ ነው፤ ለመምጫው ሂሳብ ግን መልስ አይሆንም።

በ50 ደቂቃ ውስጥ በሞተር ሳይክል ደረሰ፤ ከኋላው ሁለት ጀሪካን ውሃና 3 ዓይነት ማኒኮቶ አስሯል። የታችኛውን ማኒኮቶ ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ጎንበስ አድርጎ ሲያጥፈው ግን ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች፣ ሲግል ትከፈታለች፤ ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ ጠብታ እንኳ ያላየሁት። አዲሱን አስሮ ውሃ ከሞላ በኋላ ሂሳብ አልጠየቀም። ሞተሩን አስነስቶ አየሩን አስወጣ፤ ቬንቲላተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ራሱ ተነሥቶ ራሱ እስኪቆም ሩብ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅን።

ከመሄዳችን በፊት ለምልክት ብዬ አስፋልቱ ላይ የደረደርኳቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ አነሣቸው። እኔ ረስቻቸው ነበር። «ማታ ባጃጅ ይገለብጣሉ» አለ። ያንን ዳገት በሌሊት የሚነዳ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እስከ ደጀን ከኋላችን ተከትሎን ወጣ። የከፈልኩት 3,500 ብር ነው፤ ጭማሪ ብሰጠው እምቢ አለ፤ የእማዬን ምርቃት ግን ባርኔጣውን አውልቆ ተቀበለ። ለቀብሩ ባንደርስም ማታ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥን።

ስሙንና ስልኩን አደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ክሬን የለውም፤ ከባድ መኪናም አይሠራም። ሞተር ሲሞቅ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ባትሪ ሲሞት ግን እስከ ድልድዩ ድረስ ይወርዳል። ስትደውሉለት የመኪናችሁን ሞዴልና ዘመን በትክክል ንገሩት፤ የሚሆነውን ዕቃ መርጦ የሚመጣው በዚያ ነው።