ቁልፍ ስልክ ይዤ አንድ ሴሚስተር፦ ለኦንላይን ተማሪ ትሆናለች?

እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቼ ቁልፍ ስልክ ስጠይቅ ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አቦ፣ ለእናትሽ ነው?» ለራሴ ነው ስለው ሳቀ። ከ2,000 ብር ጀምሮ 1,750 ላይ ተስማማን። ማርካዋን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሁለት ሲም ትይዛለች፤ ሬዲዮና ቶርች አላት። በቃ።

የድሬ ልጅ ነኝ፣ ትምህርቴ ግን ኦንላይን ነው። ሞጁሉም፣ ማስታወቂያውም፣ የክላሱ ሊንክም የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ጣጣውም እዚያው ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለሚድ ስዘጋጅ አንድ ፒዲኤፍ ላወርድ ስልኬን ከፈትኩ። ከ2 ሰዓት በኋላ የማላውቃት ሙሽራ ስትኳኳል እያየሁ ነበር። ፒዲኤፉን አላወረድኩትም።

ስለዚህ ሰው የሚደውልበትን ሲሜን ወደ ቁልፏ አዛወርኩ። የዳታ ሲሙ ስማርት ስልኬ ላይ ቀረ። እሱ ደግሞ ሳሎን ቡፌው ላይ ቻርጀር ተሰክቶለት ይውላል፤ ከዚያ አይነሳም። የምጠቀምበት ወንበር ስቤ ነው፤ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ደብተሬ ላይ ሳልጽፍ አልቀመጥም። ሊንክ መክፈት፣ አሳይመንት መላክ፣ ቪዲዮ ማውረድ። የሌሊት ፓኬጅ ስለሚረክስ የተቀዱትን ሌክቸሮች ማታ አወርዳለሁ። ጥራቱን 144 ላይ አድርጌ ልቆጥብ ሞክሬ ነበር፤ የስላይዱ ጽሑፍ ጉንዳን ሆነብኝ። 360 ይበቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት ያሳፍራል። ጠዋት ስነቃ እጄ ትራስ ስር ይዳብሳል፣ የሚያገኘው ቁልፏን ነው። ምን ይከፈታል? የእባቡ ጨዋታ። ጓደኞቼም ስቶሪያችንን አታይም ብለው ተቀየሙኝ።

ቻርጇ ግን ጉድ ነው። ሰኞ ከሞላኋት ዓርብ ድረስ አልነካትም። ቴሌብርም አይቀርም፤ *127# ብሎ መደወል ነው፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የባጃጅም የሱቅም ሂሳብ በዚያው አለቀ። ሬዲዮዋ የሚይዘው ኢርፎን ሲሰካ ብቻ ነው፣ ሽቦው አንቴናዋ ስለሆነ።

አሁን ወደ ጥፋቷ ልምጣ። የክላስ ተጠሪያችን የፈተና ቀን መለወጡን በአማርኛ ጻፈችልኝ። እኔ ጋ የደረሰው የሳጥን ሰልፍ ነው፤ ቀፎዋ የግዕዝ ፊደል አታውቅም። ደውዬ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ በላቲን ፊደል ትጽፍልኛለች። ለነገሩ ለእሷም ይረክሳል፤ አንድ ኤስኤምኤስ በአማርኛ 70 ፊደል ብቻ ሲይዝ በላቲን 160 ይይዛል። መልስ መስጠት ግን የኔ ፈተና ነው። «እሺ» (eshi) ለማለት 3ን ሁለቴ፣ 7ን አራቴ፣ 4ን ሁለቴ፣ ትንሽ ጠብቆ እንደገና 4ን ሦስቴ። አስራ አንድ ጊዜ! እንደ ድሮው እሺ እሺ እያልኩ የማይሆን ነገር ውስጥ መግባቴ ቀነሰ።

የማልምርላት አላርሟን ነው። ባትሪዋ ትንሽ ከተነቀነቀ ሰዓቱም ቀኑም ይጠፋባታል። አንድ የጠዋት ክላስ በዚህ አምልጦኛል። አስተማሪው አልሰማኝም፣ ማን ያምናል? ባትሪው ስር ወረቀት አጥፌ ወትፌበታለሁ፣ አላርሙን ግን ለግድግዳ ሰዓት ሰጥቼዋለሁ።

ያተረፈችልኝ ከሰዓቱን ነው። ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐዩ ሰው አያስወጣም፣ ሱቁም ይዘጋል፣ የሚቅመውም ለመቃም ይቀመጣል። ያንን ሰዓት እኔ ጀርባዬን ሲሚንቶው ላይ አስተኝቼ ስክሪን በጣቴ ሳንሸራትት ነበር የማሳልፈው። አሁን ፕሪንት ያደረግኩትን ሞጁል ይዤ በረንዳ ላይ እርጥብ ሻሽ አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ እቀመጣለሁ። ሁሌ አነባለሁ ብዬ አልዋሽም፤ እተኛለሁም። ግን የኮስት አካውንቲንጉን ሞጁል ከፈተናው በፊት ስጨርስ የመጀመሪያዬ ነው።

ዲጂታል ሚኒማሊዝም (ቴክኖሎጂን ለሚያስፈልገው ብቻ መጠቀም) ነው ብለው ስማርቱን ሸጠው እሷን ብቻ ሊይዙ የሚያስቡ ጓደኞች አሉኝ። አልመክርም። ኩዊዙ በሰዓት የተገደበ ነው፣ ፖርታሉም በቁልፏ አይከፈትም። ያለ ቡፌው ስልክ እኔም ሴሚስተሩን አልጨርስም ነበር። ቤት ውስጥ ስልኩን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እማዬ «ደብተርሽስ?» ካላለች በስተቀር ስማርቱን አታስነካኝም።

ባለፈው ሳምንት ትርፍ ባትሪ ልገዛ ታይዋን ተመለስኩ። ሻጩ አስታወሰኝ።

«አቦ፣ እናትሽ ወደደችው?»

ወዳዋለች አልኩት። 50 ብር ቀነሰልኝ።