ድግስ ላለባችሁ፦ ጠላውን ከጠማቂዋ እጅ ግዙ

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ጉለሌ አካባቢ ጠላ ጠምቀው ለሚሸጡ አንዲት እናት ነው። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ጥቆማው ደግሞ ድግስ ኖሮባችሁ ቤት ለመጥመቅ ጊዜውም ቦታውም ላጣችሁ ነው።

የልጃችንን ክርስትና ስንደግስ ያስጨነቀን ጠላው ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጋን የት ይቀመጣል? የአሻሮውን ጭስስ የትኛው ጎረቤት ይችለዋል? ከዚያ በፊት ለማህበር ከአንድ አከፋፋይ በጀሪካን ያመጣነው ጠላ አሳፍሮናል። ጌሾው የለ፣ ብቅሉ የለ፣ ቅራሪ እንኳ ቢሉት ይበዛበታል። እንግዳው ከይሉኝታ ብዛት አንዷን ብርጭቆ ይዞ ዋለ።

የእማማ ጠላ ግን ከምሳ በፊት ግማሹ አለቀ። አማቴ የጎንደር ሴት ናቸው፤ በጠላ ጉዳይ ምሕረት አያውቁም። አንዴ ፉት አሉና «ማን ነው የጠመቀው?» ብለው ጠየቁ። ሁለተኛ ሲያስቀዱ ነገሩ እንደተሳካ ገባኝ።

ቤታቸው ሄዳችሁ ብታዩ ምስጢሩ ግልጽ ነው። ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል፣ አሻሮው ተፈጭቶ እንኩሮ ይሆናል፣ ከዚያ ድፍድፉ ታፍኖ ይቀመጣል። ከጥንስሱ እስከሚቀዳ ድረስ 10 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ብርድ ሲሆን ይዘገያል። እሳቸው ደግሞ ሳይደርስ አይሰጡም፤ ብትለምኗቸውም አይሰጡም። ቀደም ብላችሁ ከነገራችኋቸው እንደምርጫችሁ ይሠሩላችኋል። ጠቆር ያለ ከወደዳችሁ እህሉን ጠበቅ አድርገው ይቆሉታል፤ መረር ያለ ከሆነ ምርጫችሁ ጌሾውን ይጨምሩበታል። እንዲህ ያለ ነገር ከአከፋፋይ ማን ያገኛል?

ከእጃቸው ግዙ የምለው ለዚህ ነው። ጠላ ከጋኑ ከወጣ ቶሎ ይሆመጥጣል። በመሀል ሰው እጅ ባደረ ቁጥር ጣዕሙ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ውሃው ይጨመራል። ገንዘቡም ያው ነው። የጌሾው፣ የእህሉ፣ የማገዶው ወጪ የእማማ ነው፤ ጭሱን የሚውጡትም እሳቸው ናቸው። ጀሪካን ብቻ ይዞ የመጣው ሰው ግን ጥሩውን ትርፍ ይወስዳል። በቀጥታ ስትገዙ እናንተ ትንሽ ታተርፋላችሁ፣ እሳቸው ብዙ።

በነገራችን ላይ አዋጅ 1112/2011 ከወጣ ወዲህ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ሲጠፋ ብዙ ተወርቶ ነበር። የጠላ ቤት ማስታወቂያ ግን ድሮም ዘንግ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው፤ እሱን ያየ ይገባል፣ ያላየ ያልፋል። ለዚህ ነው እኛ የቀመስነው ካልተናገርን እንዲህ ያሉ ጠማቂዎችን ከሰፈራቸው ውጭ የሚያውቃቸው የማይኖረው።

ልታዝዙ ካሰባችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ቀብድም አስይዙ። እህሉን የሚገዙት በዚያ ነው። ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘይት የነበረበት ግን አይሁን፣ ሽታው አይለቅም። መኪና ላይ ስትጭኑ ክዳኑን ጥርቅም አታድርጉት። ጠላው ገና ስለሚፈላ ጀሪካኑን ይነፋዋል፣ ከዚያ ወንበራችሁን ማጠብ ነው። ዋጋ ላይ ደግሞ እባካችሁ አትከራከሯቸው። የቢራ ሳጥን ላይ ሳንከራከር እየከፈልን እናት ላይ ሲሆን ምላሳችን የሚረዝመው ለምንድን ነው?

እማማ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። እንግዶቻችን ፊት አኮሩን፤ የቀረውን ጀሪካን ልጅዎ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ማድረሱንም አልረሳንም።

ስልካቸውን በአደባባይ መለጠፍ አልፈለጉም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ለኅዳር ሚካኤል ግን እኔ አስቀድሜ አዝዣለሁና ያቺን ሳምንት ተዉልኝ።